ለተንቀሳቃሽ ማራገቢያ ተጣጣፊ የአየር ቱቦ ስለመምረጥ፤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ያሉ ፋብሪካዎች፣ የብየዳ ቤቶችና የጉድጓድ ሥራ የሚሠሩ ማኅበራት ተንቀሳቃሽ ማራገቢያ ለመግዛት ሲነሡ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው፤ ስለ ቱቦው የሚጠይቁት ግን ገንዘቡ ሁሉ ለማራገቢያው ከወጣ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ታንክ ውስጥ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ወዳለው ሠራተኛ የሚደርሰውን አየር በመጨረሻ የሚወስነው ቱቦው ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው ላነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ ናቸው።

ማራገቢያው ጠንካራ ከሆነ ቱቦው ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። በማራገቢያው ላይ የተጻፈው የአየር መጠን ብዙውን ጊዜ ቱቦ ሳይገጠምበት የተለካ ነው። ቱቦ ሲቀጠልበት አየሩ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፣ በየእጥፋቱም ይታገዳል፤ ማራገቢያው ይህን እገዳ ለማሸነፍ ግፊቱን ሲጨርስ የሚያስተላልፈው አየር እየቀነሰ ይሄዳል። በሰዓት 1,500 ሜትር ኩብ አየር ባለ 300 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸው አየር በ200 ሚሊ ሜትር ቱቦ እንዲያልፍ ሲገደድ ግን ፍጥነቱ ከ13 ሜትር በላይ ይሆናል። ፍትጊያው ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ የአየሩ መጠን ሳይለወጥ ዲያሜትሩ ከ300 ወደ 200 ሲወርድ በእያንዳንዱ ሜትር የሚባክነው ግፊት ከሰባት እጥፍ በላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ የማራገቢያው ዓይነትም ይገባበታል። ምላጩ በቱቦው መስመር ላይ የሚሽከረከረው አክሲያል የሚባለው ዓይነት ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት ይሰጣል፤ ስለዚህ አጭርና ሰፊ ቱቦ ይስማማዋል። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ ቤት ያለው ሴንትሪፉጋል ማራገቢያ ደግሞ ከፍ ያለ ግፊት ስለሚሰጥ ረዥም ወይም ጠበብ ያለ ቱቦን በተሻለ ይቋቋማል። ረዥም መስመር የግድ የሚያስፈልገው ሰው አክሲያል ገዝቶ ቱቦ ከሚቀጥልበት ይልቅ አስቀድሞ ይህን ቢያስብበት ብዙ ወጪ ያተርፋል።

አየር ለመግፋትና አየር ለመሳብ አንድ ዓይነት ቱቦ ይበቃል?

አይበቃም፤ ከጥያቄዎቹ ሁሉ መጀመሪያ መመለስ ያለበትም ይህ ነው። አየር በሚገፋ ማራገቢያ ላይ ቱቦው ከውስጥ ስለሚነፋ ሽቦ የሌለው፣ ማራገቢያው ሲጠፋ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚተኛ ሸራ መሰል ቱቦ እንኳ ሥራውን ይሠራል፤ ለመጠቅለልም ለመሸከምም ቀላል ነው። በመሳቢያው በኩል ሲገጠም ግን የውጭው ግፊት ስለሚበልጥ ግድግዳው እርስ በርሱ ይጣበቅና አየሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ለመሳብ የሚውል ቱቦ በውስጡ ጠመዝማዛ የብረት ሽቦ ያለው መሆን አለበት፤ ሽቦውም በጥቅጥቅ የተጠመዘዘ ቢሆን ይመረጣል፣ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ጨርቁ ወደ ውስጥ ይሰምጣልና። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ ሰው ባለ ሽቦውን ቢገዛ ለሁለቱም ይሆነዋል።

መቼ መግፋት፣ መቼ መሳብ እንደሚገባ ለመወሰን ደግሞ አንድ መሠረታዊ እውነት ማወቅ ይጠቅማል። ከቱቦ አፍ ተገፍቶ የወጣ አየር የቱቦውን ዲያሜትር 30 ጊዜ ያህል ተጉዞ እንኳ ከመነሻ ፍጥነቱ አንድ አሥረኛው ገደማ ይቀርለታል፤ በሚስብ ቱቦ አፍ ላይ ግን የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ የሚወርደው አንድ ዲያሜትር ብቻ ሲራቅ ነው። ባለ 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ንጹሕ አየርን እስከ 6 ሜትር ድረስ ሊወረውር ይችላል ማለት ነው፤ ጭስ የሚስበው ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሳይርቅ ብቻ ነው። ጉድጓድን ወይም ታንክን በንጹሕ አየር ለመሙላት መግፋት የሚሻለው፣ የብየዳን ጭስ ከምንጩ ለመያዝ ደግሞ መሳብ የሚሻለውና የቱቦው አፍ ከብየዳው አጠገብ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ስንት ዲያሜትር ልግዛ?

በመርሕ ደረጃ ቱቦው ከማራገቢያው አፍ ጠባብ መሆን የለበትም። 300 ሚሊ ሜትር አፍ ላለው ማራገቢያ ቀንሶ 200 መግጠም የሚያስገድደው የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ማጥበቡ መጨረሻው ላይ፣ ቀዳዳው አጠገብ ይሁን እንጂ መስመሩ ሁሉ ጠባብ አይሁን። ሠራተኛ የሚወጣበትና የሚወርድበት አንድ ማንሆል ብቻ ካለ ደግሞ ሰፊ ክብ ቱቦ መግቢያውን ሊዘጋበት ስለሚችል፣ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ተጠግቶ የሚያልፍ ጠፍጣፋ ጠንካራ ማሻገሪያ ይፈለጋል።

አቧራ የሚስብ ሰው ግን ከዚህ በተቃራኒ ማሰብ ይኖርበታል። ቱቦው ከመጠን በላይ ከሰፋ አየሩ ይዘገይና አቧራው በቱቦው ውስጥ ይተኛል። ለብየዳ ጭስ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይበቃል፤ ለደረቅ ዱቄትና አቧራ ከ15 እስከ 20 ሜትር፣ ለከባድ ፍርፋሪ ደግሞ ከ20 በላይ ያስፈልጋል።

ቱቦው ምን ያህል ሊረዝም ይችላል? እጥፋትስ?

የሚያስፈልገውን ያህል፣ ከዚያ ሳያልፍ። ተጣጣፊ ቱቦ ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ እንኳ ከለስላሳ የብረት ቱቦ ይልቅ እጥፍ ያህል ግፊት ያባክናል፤ ሳይወጠር ከቀረ ደግሞ ጨርቁ በሽቦዎቹ መካከል ስለሚሸበሸብ ብክነቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የብየዳ ቤት ማራገቢያው ደከመብን ብሎ ጠርቶኝ ስሄድ፣ ያገኘሁት ችግር ሞተሩ ላይ አልነበረም፤ 10 ሜትር ቱቦ ገዝተው የሚያስፈልጋቸው 4 ሜትር ብቻ ስለነበረ የቀረውን 6 ሜትር ተጨምቆ መሬት ላይ ትተውት ነበር። ቱቦውን ለሁለት ከፍለን አጭሩን ብቻ ስንገጥም አየሩ ወዲያው ተመለሰ። ስለዚህ አንድ ረዥም ቱቦ ከመግዛት ይልቅ 5 ሜትር ገደማ የሆኑ፣ እርስ በርስ የሚቀጣጠሉ ቁራጮችን መግዛት እመርጣለሁ።

እጥፋትን በተመለከተ፣ የቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ እንደሚሉት ያለ ስለታም መታጠፊያ መፍጠር አይገባም። ቱቦው ሲታጠፍ የእጥፋቱ ራዲየስ፣ በቱቦው መሃል መስመር ሲለካ፣ ቢያንስ ከዲያሜትሩ አንድ ተኩል ጊዜ ቢሆን መልካም ነው፤ ለ300 ሚሊ ሜትር ቱቦ 45 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በተለይ ከማራገቢያው አፍ እንደወጣ ወዲያው የሚታጠፍ ቱቦ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አየሩ ገና ስለሚናወጥ እዚያ የሚጠፋው ግፊት ከሌላው ቦታ ይልቃል። ማራገቢያውን አዙሮ ማስቀመጥ ብቻ አንድ እጥፋት ሊያስቀር የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከምን የተሠራ ቱቦ ይሻላል?

ለንጹሕ አየር፣ ለጉድጓድና ለተራ ሥራ በፒቪሲ የተቀባ የፖሊስተር ጨርቅ በቂ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል። ድክመቱ ሙቀት ነው፤ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ይለሰልሳል፣ ሲቃጠልም የሚያንቅ የአሲድ ጭስ ያወጣል። በደጋው በኩል ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የውርጭ ሌሊቶች ውጭ ያደረ የፒቪሲ ቱቦ ጠዋት ድርቅ ብሎ ይገኛል፣ ያን ጊዜ በኃይል የዘረጋው ሰው ይሰነጥቀዋል። ቤት ውስጥ ማሳደር፣ ካልሆነም ፀሐይ እስኪነካው ጠብቆ ቀስ ብሎ መዘርጋት ይገባል።

አሸዋ፣ እህል ወይም ሌላ የሚፍቅ ነገር ለሚያልፍበት መስመር ፖሊዩሬቴን መፋቅን እጅግ ስለሚቋቋም ዋጋው ቢወደድም ረዥም ጊዜ ያገለግላል። ከጀነሬተር ጭስ ማውጫ ወይም ከምድጃ አጠገብ ለሚሠራ ደግሞ በሲሊኮን የተቀባ የመስታወት ጭረት (ፋይበርግላስ) ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ከ250 ዲግሪ በላይ የሚቋቋም ቢሆንም በመፋቅና በመረገጥ ቶሎ ይጎዳል። መሬት ለመሬት የሚጎተት ቱቦ ሲሆን ከውጭ በኩል፣ በሽቦው ላይ የተደረበ መከላከያ ጥብጣብ ያለውን መምረጥ ይበጃል፤ ብዙ ቱቦዎች የሚበሱት ሽቦው ከድንጋይ ጋር በሚፋተግበት ቦታ ነው።

በአይዝጌ ብረት ታንክ ውስጥ ብየዳ እንሠራለን፤ የተለየ ነገር አለው?

አለው፤ በዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። ደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ስለሆነች የታንክ ብየዳ ሥራ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ የሚሠሩትም ብዙውን ጊዜ ወጣት በያጆች ናቸው። በመጀመሪያ፣ አይዝጌ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ካንሰር የሚያመጣ የክሮሚየም ዓይነት ስላለበት ከምንጩ መሳብ አለበት። ሁለተኛ፣ በአርጎን የሚበየድ ከሆነ አርጎን ከአየር ስለሚከብድ በታንኩ ወለል ላይ ተከማችቶ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ሦስተኛ፣ ቢራ ሲብላላ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ከባድ በመሆኑ በታጠበና ባዶ በሚመስል ታንክ ግርጌ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት መስመር ያስፈልጋል። አንደኛው ንጹሕ አየር ወደ ታንኩ ግርጌ የሚገፋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለ ሽቦ፣ የብየዳ ብልጭታ የማያቃጥለው ቱቦ ሆኖ ጭሱን ከበያጁ ፊት የሚስብ ነው። የመግፊያው ቱቦ አፍ በቀጥታ ብየዳው ላይ እንዳያነጣጥር መጠንቀቅ ይገባል፤ መከላከያ ጋዙን በትኖ ብየዳውን ያበላሻል፣ ያን ጊዜ በያጁ ራሱ ማራገቢያውን ይዘጋዋል። በምንም ምክንያት የጋዝ ሲሊንደር ኦክስጅን ታንክን ለማናፈስ አይለቀቅ፤ ኦክስጅን ከ23.5 በመቶ ካለፈ ልብስና ፀጉር በትንሽ ብልጭታ ይነድዳል።

የሚቀጣጠል ተን ወይም አቧራ ባለበት ቦታስ?

በዱቄት ፋብሪካ፣ በብርድ ልብስ ሥራ ቃጫ አቧራ፣ በቀለም ወይም በቤንዚን ታንክ አጠገብ ተራ የፕላስቲክ ቱቦ መጠቀም አይገባም። ደረቅ አየር በቱቦው ውስጥ በፍጥነት ሲሮጥ፣ በተለይም አቧራ ተሸክሞ ሲያልፍ፣ በግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያጠራቅማል፤ ያ ሙል በአንድ ብልጭታ ከተለቀቀ ተኑን ሊያቀጣጥል ይችላል። በበጋ ወራት የደጋው አየር ደረቅ ስለሚሆን አደጋው ይጨምራል። ለዚህ ሥራ የሚሠራ ቱቦ ግድግዳው ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ካርቦን የተቀላቀለበት ሲሆን ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው፤ ጥቁር የሆነ ሁሉ ግን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል ማለት አይደለምና የአምራቹን ጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል።

ቱቦው ብቻውንም አይበቃም። በውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ሽቦ ጫፉ ተገልጦ ከማራገቢያው ብረት ጋር፣ ማራገቢያው ደግሞ ከታንኩና ከመሬት ጋር በሽቦ መያያዝ አለበት፤ ያልተያያዘ ሽቦ የኤሌክትሪክ ሙሉን ራሱ አጠራቅሞ የሚለቅ ይሆናል። ሞተሩም የሚፈነዳ ተን ወይም አቧራ ላለበት ቦታ የተሠራ መሆን ይገባዋል።

ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ብዙ ነው፤ ይህ ምርጫችንን ይለውጠዋል?

በከፊል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ አየር፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ሲነጻጸር፣ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ 30 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በሜትር ኩብ ሲለካ ያንኑ ያህል አየር ይገፋል፤ የማራገቢያው ግፊትና የቱቦው ፍትጊያ አብረው ስለሚቀንሱ የቱቦው ዲያሜትር በከፍታ ምክንያት መለወጥ አይኖርበትም። የሚለወጠው ሌላ ነው። ያው ሜትር ኩብ የሚሸከመው ሙቀትና ኦክስጅን ያነሰ ስለሆነ የሞቀን ቦታ ለማቀዝቀዝ ብዙ አየር ያስፈልጋል። በቤንዚን ሞተር የሚሽከረከር ማራገቢያም በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ በደንብ የሚሠራ ሞተር ጣርማ በርን ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ቢደክም ብልሽት ሆኖ ላይሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የምመርጠው ለዚህም ነው።

የጋዝ መለኪያ ያላችሁ ደግሞ ከሥራው በፊት እዚያው በቦታው፣ ንጹሕ አየር ላይ አስተካክሉት። በደጋም በቆላም የኦክስጅን ድርሻ 20.9 በመቶ ነው፤ ግፊቱ ግን በደጋው ያነሰ ስለሆነ አንዳንድ መለኪያዎች ከቆላ እንደመጡ በደጋ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያሉ።

ቱቦውን ጉድጓድ ውስጥ እስከ ምን ድረስ እናውርደው? ስንት ደቂቃስ እንጠብቅ?

ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቁም። አፉ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ከቀረ ንጹሑ አየር ገብቶ እዚያው ዞሮ ይወጣል፣ ከታች የተኛው ከባድ ጋዝ ግን ሳይነካ ይቆያል። የማራገቢያው መሳቢያ አፍ ከጀነሬተሩና ከመኪና ጭስ ራቅ ብሎ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ይቀመጥ፤ ጭሱን ወደ ሠራተኛው የሚገፋ ማራገቢያ ከሌለ ማራገቢያ ይብሳል። በቀወት ቆላ ለመስኖ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የቤንዚን ፓምፕ አውርዶ ማስነሣት ደግሞ ቱቦ ቢኖርም የማይደፈር ነገር ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በጥቂት ደቂቃ ይገድላል።

ጊዜውን ለመገመት ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ የቦታውን መጠን በሜትር ኩብ በ7.5 አባዝቶ ማራገቢያው በደቂቃ በሚያስገባው አየር ማካፈል ነው። 20 ሜትር ኩብ ለሆነ ታንክ በደቂቃ 25 ሜትር ኩብ የሚያስገባ ቢሆን 6 ደቂቃ ይወጣል። የሚቆጠረው ግን ከቱቦው ጫፍ የሚወጣው አየር እንጂ በማራገቢያው ላይ የተጻፈው አይደለም፤ ቱቦው ግማሹን ካስቀረ 6 ደቂቃው 12 ይሆናል። በቱቦው ጫፍ ፍጥነቱን በአየር ፍጥነት መለኪያ ለክቶ በቱቦው የአፍ ስፋት (በሜትር ካሬ) ማባዛት እውነተኛውን መጠን ይሰጣል።

ስሌቱ ግምት ነው፤ መግባትን የሚፈቅደው የጋዝ መለኪያው ነው። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ከዝቅተኛው የመፈንጂያ መጠን 10 በመቶ ከደረሰ ማንም አይግባ። በፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብዛቱ ሲጨምር የማሽተት ችሎታን ራሱን ስለሚያጠፋ በማሽተት መተማመን አይቻልም። ማራገቢያውም ሰው ውስጥ እስካለ ድረስ አይጠፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን ከአደጋ መጠበቅን በአሠሪው ላይ የጣለ ግዴታ ስለሆነ፣ የቱቦና የመለኪያ ወጪ ከሠራተኛው አበል የሚነሳ አይደለም።

ከሸራ ወይም ከላስቲክ ሰፍተን መጠቀም እንችላለን?

ለአጭር መስመር፣ ለቀዝቃዛና ንጹሕ አየር፣ ለመግፋት ብቻ ከሆነ ይቻላል። ለመሳብ፣ ለብየዳ፣ ለሚቀጣጠል ነገር ግን አይሆንም።

ቱቦው ከማራገቢያው ጋር አልገጠመም፤ ለምን?

ብዙውን ጊዜ አንደኛው በኢንች፣ ሌላው በሚሊ ሜትር ስለተሠራ ነው። 12 ኢንች 305 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 300 ተብሎ የተሠራ ቱቦ በላዩ ላይ አይወጣም፤ በተገላቢጦሹም ክፍተት ይኖራል። ከመግዛት በፊት የማራገቢያውን አፍ የውጭ ዙሪያ በሜትር ለክቶ በ3.14 ማካፈል ትክክለኛውን ዲያሜትር ይሰጣል። ማያያዣውም በፕላስተር የተጠቀለለ ሳይሆን በሚጠብቅ ቀበቶ ወይም በብረት ማሰሪያ የታሰረ ይሁን፤ በፕላስተር የተያዘ ቱቦ አየር ሲሞላ ይንሸራተታል፣ ታች ያለው ሰውም ሳያውቅ አየሩ ይቋረጥበታል።

የተበሳ ቱቦ ይጠገናል? እንዴትስ እናቆየው?

ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ቱቦው ውስጥ አብርታችሁ ከውጭ ተመልከቱ፤ ቀዳዳው ሁሉ ይታያል። ለመግፊያ የሚውለው የፒቪሲ ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በዚያው ጨርቅና በፒቪሲ ሙጫ ይለጠፋል። ሽቦው ተሰብሮ የወጣበት ክፍል ግን ተቆርጦ ይጣል፤ እጅ ይቆርጣል፣ ኤሌክትሪክ ማሳለፊያነቱም ተቋርጧል። ሙቀት ያቀለጠው ወይም የመሬት ማያያዣው የተበጠሰበት ኤሌክትሪክ አሳላፊ ቱቦ የሚፈነዳ ተን ወይም አቧራ ላለበት ቦታ ዳግም አይውልም። ከሥራ በኋላ ቱቦውን አድርቃችሁ፣ አይጥ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ከፀሐይ ጠብቃችሁ አኑሩት፤ እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ቱቦ ውስጡ ይሻግታል፣ በሚቀጥለው ቀን የሚተነፍሰውም ያንኑ የሻገተ አየር ጉድጓድ ውስጥ የገባው ሰው ነው።